ሰኔ ካለፈ በኋላም ያልተመለሰ እንቅልፍ፦ ሥጋቴን በምን ልመዝን?

መዝገብ ያዡ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 1:50

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 46 ነው። የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሙያ ሲሆን፣ የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢሮ ማምሸት ለእኛ የተለመደ ነው። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን እንቅልፌ ይሸሻል፤ ሐምሌ ሲጋመስ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ሐምሌና ነሐሴ አልፈው፣ ዕንቁጣጣሽም መስቀልም ተከብረው እንቅልፌ እንደወጣ ቀረ።

ማታ ብዙ ሳልቸገር እተኛለሁ። ችግሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ዓይኔ ቁልጭ ማለቱ ነው። ስልኬን አነሣና ሰዓት አያለሁ፤ 8:10 ይላል። አሁን ብተኛ አራት ሰዓት አገኛለሁ ብዬ አሰላለሁ። ጥቂት ቆይቼ ሳይ 9:05 ሆኗል፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቀርቶኛል ብዬ ሂሳቡን አስተካክላለሁ። እንዲህ ስቀንስ ስደምር የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። ለማካካስ ብዬ አሁን አሁን ከምሽቱ 2:45 ላይ አልጋ ውስጥ እገባለሁ። በሥራ ቦታም አንዲት ማኪያቶ ትበቃኝ የነበርኩት ሰው ሦስት መጠጣት ጀምሬያለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ ነገር እንደ ሌላው ጊዜ የሚያልፍ ነው ወይስ እንቅልፍ ማጣት ከሚጸናባቸው ሰዎች አንዱ ልሆን ነው? አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሌሊት ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ የሚቀመጡ ሰው ስለነበሩ ነገሩ አሳስቦኛል።

ወተትና ማር | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2:15

ወንድሜ፣ ሞቅ ያለ ወተት ጠጥተው ይተኙ፤ ነገሩን አያክብዱት። ነቅተው ሳለ መንቀሳቀስ የሚያቅትዎትና ደረትዎ ላይ ከባድ ነገር የተጫነዎት የሚመስልዎ ከሆነ ግን ዱካክ ሊሆን ስለሚችል እሱን ይንገሩን።

ባለሙያ ከስድስት ኪሎ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3:30

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። በመድረክ ላይ ማንንም መመርመር ባልችልም፣ ራስዎን የሚመዝኑበትን መንገድ ላሳይዎት እችላለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ዱካክ አንድ ቃል ልበል፦ ሰው በሕልም ክፍለ እንቅልፍ ውስጥ ሳለ ጡንቻዎቹ ይዝላሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት ለጥቂት ጊዜ አልታዘዝ ይላል። ዱካክ የምንለው ይህንኑ ነው። እርስዎ ከገለጹት ጋር አይገናኝም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አንድ ሰው ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት አለበት የሚባለው፣ እንቅልፍ ለመያዝ ወይም ሳይቆራረጥ ለመዝለቅ ሲቸገር፣ ወይም ከሚፈልገው ሰዓት ቀድሞ ነቅቶ መመለስ ሲያቅተው፣ ይህም በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየተደጋገመ ቢያንስ 3 ወር ሲዘልቅና የቀን ውሎውን ሲያውክበት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነጥብ ደግሞ አለ፦ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው ለመተኛት በቂ ጊዜና አመቺ ሁኔታ እያለው መሆን አለበት። አጠገቡ ሌሊቱን ሙሉ ኮንክሪት እየተሞላ ዓይኑን ያልከደነ ሰው ችግሩ ከግንባታው ነው፤ ጸጥታ ሲያገኝ ይተኛል። እርስዎ ጸጥታ እያለ ነው የሚነቁት።

ሥጋትን ለመመዘን እኔ የምጠቀምበት ሐሳብ አርተር ስፒልማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ነው። እንቅልፍ ማጣትን የሚያመጡ ነገሮችን በሦስት ይከፍላሉ፦ ሰውን አስቀድመው የሚያጋልጡ፣ ችግሩን የሚቀሰቅሱና ከተቀሰቀሰ በኋላ እንዳይለቅ የሚያቆዩ። ለእርስዎ በሙያዎ ቋንቋ ልናገርና፣ የመጀመሪያው ካለፈው ዓመት የዞረ ሂሳብ ማለት ነው። ሴት መሆን፣ ዕድሜ መግፋት፣ በቤተሰብ ውስጥ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው መኖር፣ ተፈጥሮው የሚጨነቅ ወይም ነገር የሚያብሰለስል መሆን፣ ቀደም ሲል የድባቴ ሕመም ያጋጠመው መሆን ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። የአባትዎ ጋቢ እዚህ ይገባል። ነገር ግን የሚያጋልጥ ነገር ያለበት ሰው ሁሉ እንቅልፍ አያጣም። ቀስቃሹ የሰኔ ወር ነው፤ ለሌላው ሐዘን፣ ልጅ መውለድ፣ ከሥራ መባረር ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው ግን ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ቀስቃሹ አልፎ ችግሩን የሚያዘልቀው እሱ ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ ቢያንስ አራት አይቻለሁ፦ ከምሽቱ 2:45 መተኛትዎ፣ ሰዓት ማየትዎ፣ ነቅተው አልጋ ውስጥ መቆየትዎና ሦስቱ ማኪያቶ። ያጡትን ለማካካስ የጀመሯቸው ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚቀጥለውን ሌሊት ያበላሻሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት ሐምሌ ሲጋመስ እንቅልፍዎ የሚመለሰው ይህን ማካካሻ ስላልጀመሩ ይመስለኛል። ስለዚህ ሥጋቱን የምመዝነው በመጥፎዎቹ ሌሊቶች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው በማግሥቱ በሚያደርገው ጭምር ነው።

የዶሮ ማነቂያዋ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4:10

ባለሙያው ቀስቃሽ ያሉትን ሳነብ የራሴን አየሁ። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ሲነሣ እኛ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወርን፤ ሱቄ ግን እስከ ዛሬ ፒያሳ ነው። አዲሱ ቤት ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ውኃውም አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግን ሌሊት በጸጥታው ምክንያት እነቃ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በልጅነቴ የለመድኩት የጎረቤት ሳል፣ የበር መንጓጓትና የውሻ ጩኸት ሁሉ ጠፋ። እሱን ለመድኩት። አሁን ችግሬ ከሌሊቱ 10:30 ተነሥቼ የአውቶቡስ ሰልፍ መያዝ ስላለብኝ የምተኛው አምስት ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ትራስ እንደነካሁ ነው የሚወስደኝ። ይህም እንቅልፍ ማጣት ነው ወይ?

ባለሙያ ከስድስት ኪሎ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 5:05

እህቴ፣ የእርስዎ የእንቅልፍ እጥረት ነው፤ እንቅልፍ እያለ ጊዜው ነው የጠፋው። አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንዲተኛ ይመከራል። ትራስ እንደነኩ መውሰዱም ሰውነትዎ እንደተራበ ያሳያል። መፍትሔው ከመድኃኒትም ከምክርም ይልቅ ቀደም ብሎ መተኛት ወይም የሱቁን መክፈቻ ሰዓት መግፋት ነው፤ ይህን ማለት ከማድረግ እንደሚቀል አውቃለሁ።

ተርጓሚው ካዛንቺስ | ጥቅምት 5፣ ከሌሊቱ 7:40

ይህን የምጽፍበትን ሰዓት ተመልከቱና ለምን እንደመጣሁ ይገባችኋል። የምተረጉመው በገጽ እየተከፈለኝ ስለሆነ፣ ሥራ ሲበዛ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሬ ጫት እይዛለሁ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ጣቶቼ ይሮጣሉ። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ቢራ እጠጣለሁ፤ ጨብሲ የምንለውን ማለቴ ነው። ቢራው ያስተኛኛል፤ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ተነክሬ፣ ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ለዓመታት ጫቱ እንጂ ቢራው እንቅልፌን ይነካል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሌሊት ተረኛ | ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 12:50

ከተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ነርስ ነኝ። ለተርጓሚው፦ ሁለቱም ይነካሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። አልኮል ደግሞ ለመተኛት ያግዛል፤ ሰውነት ሲያስወግደው ግን የሌሊቱን ሁለተኛ ክፍል ይቆራርጠዋል። ልብዎ እየመታ የሚነቁት በዚያ ሰዓት ነው።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልጨምር። በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይን መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በአምስት ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ማኪያቶ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኛ የካፌይኑ ግማሽ አብሮት ይተኛል ማለት ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሰውነት ደግሞ ከዚህም ዘግይቶ ነው የሚያስወግደው። እኔ በቤታችን ከእራት በኋላ ቡና ተፈልቶ አቦሉን ጠጥቶ በረካ ሳይደርስ የሚነሣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እናቴም ቡና እንቅልፍ አይከለክለኝም ትላለች። እንቅልፍ የያዘው ሰው ምን ያህል ጠልቆ እንደተኛ ራሱ አያውቀውም።

ራሱን የሚመዝን ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም ይቁጠር። ብግነት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን ከሰዓት በኋላ ሲወሰድ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል፤ የድባቴ መድኃኒት የሆነው ፍሎክሲቲንም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ ነው። ፉሮሴማይድን ማታ የዋጠ ሰው ሽንት ሲያመላልሰው ያድራል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ ሰዎችም እንቅልፍ ከነሳቸው፣ የሚወስዱበትን ሰዓት ወደ ጠዋት ስለማዛወር የክትትል ባለሙያቸውን ይጠይቁ። ማንም ሰው ግን በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን እንዳያቆም አደራ እላለሁ። ማታ እግሩን እያሳከከ ወይም እየወረረው አላስቀምጥ የሚለው ሰው ካለ የብረት ማነስ ሊሆን ስለሚችል ደሙን ይመርመር። የታይሮይድ ዕጢ በሽታ፣ የጨጓራ ቃር፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ከጀርባ ሊኖሩ ይችላሉ።

ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ተስፋ መቁረጥ፣ ምንም ነገር አለማስደሰት ወይም የመሞት ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን መዝኜ ልጨርስ ሳይል ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገርና ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው።

የልደታዋ | ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 8:20

ባለቤቴ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ እያለ ያማርራል፤ እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ። ማንኮራፋቱ ከሳሎን ይሰማል። አንዳንዴ መሀል ላይ ጸጥ ይላል፤ እስትንፋሱን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይቀጥላል። በቀን ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል። ወፍራም ነው፤ ግፊትም አለበት። ከጎረቤት በተገኘ ዳያዜፓም ይተኛ ብለው መክረውኛል።

የሌሊት ተረኛ | ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 10:00

እህቴ፣ ዳያዜፓሙን እንዳይሰጡት እለምንዎታለሁ። የገለጹት በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥን ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሲወስድ ጉሮሮው ይበልጥ ሊዘጋበት ይችላል። ሐኪሞች የሚጠይቋቸው ስምንት ነገሮች አሉ፦ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ ያየ ሰው መኖር፣ የደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ከ50 ያለፈ ዕድሜ፣ የአንገት ውፍረትና ወንድ መሆን። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተገኙ መመርመር ይገባል። ከጻፉት ብቻ እኔ ስድስት ቆጥሬያለሁ። የአንገቱን ነገር ሐኪሙ ይለካዋል። እርስዎም አብረው ይሂዱ፤ እሱ ተኝቶ ስለሚሆን ምስክሩ እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ጡረታ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1:15

ልጆቼ፣ 71 ዓመቴ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል እተኛለሁ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ከዚያ እስከ እንጦጦ ግርጌ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። እናንተ እንዲህ እየቆጠራችሁ ነው እንቅልፉን ያበረራችሁት። እንቅልፍ እንደ ርግብ ነው፤ ሲሮጡለት አይያዝም።

ባለሙያ ከስድስት ኪሎ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:00

ጋሼ፣ ቀን የማይደክምዎት ከሆነ እንቅልፍ አጥተዋል የሚልዎት የለም፤ የቀን ውሎ መታወክ ከመለኪያዎቹ አንዱ ያደረግነው ለዚህ ነው። ከምሳ በኋላ ግን ጥቂት አያሸልብዎትም?

ጋሽ ጡረታ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2:20

አንድ ሰዓት ተኩል። እሱም ይቆጠራል እንዴ?

መዝገብ ያዡ | ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 6:45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ያሉት ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። መቁጠሩ ራሱ ካባሰብኝ እንዴት ልመዝን? የሰጡኝንም ሦስት ክፍል በቁጥር ማየት ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ባለሙያ ከስድስት ኪሎ | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1:30

የጋሼ ነጥብ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ሌሊት አይቆጥሩም። የሚጽፉት ጠዋት ከተነሡ በኋላ፣ በግምት ነው። ለ14 ቀን በአንድ ደብተር ላይ አልጋ የገቡበትን ሰዓት፣ እንቅልፍ ሳይወስድዎ የቆዩበትን፣ የነቁበትን ጊዜና ርዝመቱን፣ ከአልጋ የወጡበትን ሰዓት፣ የቡናውን ብዛትና የመጨረሻው የተጠጣበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። የእጅ ሰዓታቸው ስለ እንቅልፋቸው የሚነግራቸውን ቁጥር ጠዋት ጠዋት እያዩ የሚጨነቁ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እንዲያስቀምጡት ነው የምመክራቸው።

በ14ኛው ቀን የተኙበትን ጠቅላላ ጊዜ አልጋ ውስጥ ለቆዩበት ጊዜ ያካፍሉ። ውጤቱ 85 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ሌላው መለኪያ ቻርልስ ሞሪን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ ያዘጋጁት ሲሆን ሰባት ጥያቄዎች አሉት፦ ለመተኛት መቸገር፣ እንቅልፉ መቆራረጡ፣ ቀድሞ መንቃት፣ በእንቅልፍዎ ምን ያህል እንደማይረኩ፣ ችግሩ ለሌሎች ሰዎች እስከ ምን እንደሚታወቅ፣ ምን ያህል እንደሚያሳስብዎት፣ የቀን ሥራዎን ምን ያህል እንደሚያውክ። ያለፈውን ሁለት ሳምንት እያሰቡ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣሉ። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም፤ ከ8 እስከ 14 ደጃፉ ላይ ነዎት፤ ከ15 እስከ 21 መካከለኛ፣ ከ22 እስከ 28 ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ለሐኪም የሚያሳዩት መነሻ እንጂ ምርመራ አይደለም።

መዝገብ ያዡ | ጥቅምት 21፣ ከቀኑ 6:30

14ቱን ቀን ጨርሼ ተመልሻለሁ። ደብተሩን ያስቀመጥኩት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ልጄ ሽፋኑ ላይ “የአባዬ እንቅልፍ ገቢና ወጪ” ብላ ጽፋበታለች።

ከሌሊት ነቅቼ ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆየሁት በመጀመሪያው ሳምንት 5 ሌሊት፣ በሁለተኛው 4 ሌሊት ነው። አልጋ ውስጥ የቆየሁት በአማካይ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን የተኛሁት 6 ሰዓት ነው፤ ይህም 63 በመቶ ይሆናል። ይህን ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ፤ እኔ ሦስት ሰዓት ብቻ የምተኛ መስሎኝ ነበር። ስድስት ሰዓት እየተኛሁ ኖሯል፤ ቀሪውን ሦስት ሰዓት ተኩል አልጋ ውስጥ ተጋድሜ የማሳልፈው ራሴ ቀድሜ ስለምገባ ነው። በሰባቱ ጥያቄዎች ድምሬ 16 መጣ። ለሌሎች ይታወቃል ወይ የሚለውን ባለቤቴን ጠየቅኳት፤ የምታስበው ሰው ትመስላለህ እንጂ እንቅልፍ ያጣህ አትመስልም ስላለችኝ 1 ሰጠሁ። ለሚያሳስበኝ ደግሞ 3 ሰጥቻለሁ። ሰኔ 15 ገደማ የጀመረው ነገር ሦስት ወር እንዳለፈው ስቆጥር፣ ሥጋት አለብኝ ወይ የሚለው ጥያቄዬ ጊዜው አልፎበታል፤ ደርሶብኛል።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ደብተሩ አሳየኝ። ደህና ከተኛሁባቸው አምስት ሌሊቶች አራቱ የመጨረሻውን ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የጠጣሁባቸው ቀኖች ናቸው። አምስተኛው የዘመድ ሠርግ የነበረበት ቀን ነው፤ ከሌሊቱ 6:30 ነው የተኛሁት፤ እስኪነጋም አልነቃሁም።

ባለሙያ ከስድስት ኪሎ | ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 2:10

የሠርጉን ሌሊት ልብ ይበሉ፤ ለሚቀጥለው እርምጃ ፍንጩ እሱ ነው። አምስት ሌሊት ትንሽ ስለሆነ በቡናው ላይ ገና አልፈርድም፤ ቢሆንም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አለመጠጣትዎን ይቀጥሉ። 16 ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ተገቢ ነው፤ የተረኛዋን ዝርዝር ይዘው ይሂዱና ሌላ ሕመም እንደሌለ ያረጋግጡ። ለሥር ሰደድ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት የሚመከረው ሕክምና የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ መክሯል። ከክፍሎቹ አንዱ አልጋ ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ ወደሚተኙበት ጊዜ ማቅረብ ነው። ለእርስዎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገብቶ ከጠዋቱ 12:15 መነሣት ማለት ይሆናል፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። 85 በመቶ ሲደርስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በሌሊት ነቅተው እንቅልፉ ካልመጣ ከአልጋ ይውጡና ሲመጣ ይመለሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀን ላይ ያንቀላፋሉ። የሚጥል በሽታ ወይም ስሜታቸው ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰዎች ይህን ያለ ሐኪም ክትትል አይሞክሩት።

የሌሊት ተረኛ | ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 2:35

መኪና ይነዳሉ ወይ? በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መሪ ባይዙ ይመረጣል።

መዝገብ ያዡ | ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 3:05

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የምመላለሰው በታክሲ ነው። ሐኪም ዘንድ ለሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሌሊት ከአልጋ ስወጣ የምቀመጥበትን በርጩማም በረንዳው ላይ አውጥቻለሁ፤ የአባቴም ጋቢ ከሣጥን ወጥቷል። ባለቤቴ ይህን ስታይ “አሁንስ ጭራሽ እሳቸውን ሆንክ” ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ሳላንቀላፋ እንዴት እንደማመሽ ምከሩኝ፤ ገና 3 ሰዓት ከማለፉ ዓይኔ እየተከደነ ነው።